ብርቱ ውኃ የነካቸው ዛፎች፦ ስለ ጆርጆ ሞራንዲ የመዳብ ኅትመቶች

ከጥቂት ወራት በፊት በናይሮቢ መሐል ከተማ፣ አሮጌ መጻሕፍትን በእግረኛ መንገድ ዳር ዘርግተው ከሚሸጡት ነጋዴዎች ከአንዱ ላይ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ የጣልያንኛ የሥዕል መድበል ገዝቼ ወደ ኢስትሊ ተመለስሁ። በውስጡ ያለው ሁሉ በጥቁርና በነጭ የታተመ ነው፤ ጥቂት ጠርሙሶች፣ ጥቂት አበቦች፣ ከዚያ በተረፈ ዛፎች፣ ኮረብቶች፣ ጣሪያዎችና መንገዶች። ሠዓሊው ጆርጆ ሞራንዲ ነው። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ጎረቤት ቡና ተጠርቼ ስለ ነበር መጽሐፉን እንደ ያዝሁ ገባሁ። የቤቱ ባለቤት፣ በሕንፃው ያለን ሁላችን እትዬ እያልን የምንጠራቸው ጠና ያሉ ሴት፣ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እስኪደርስ ድረስ ገጾቹን አንድ በአንድ ገለጡና፣ «ዛፉስ ዛፍ ነው። ሰዎቹ ግን የት ሄደው ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

መጻሕፍቱ የሚሉትን መለስሁላቸው። ሠዓሊው የዝምታ ሰው ነው፤ ከዓለም ጫጫታ ርቆ የኖረ፣ ጥቂት ነገር ደጋግሞ ያየ ባሕታዊ መሳይ ነው አልሁ። እትዬ በትሕትና ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እንዳልተዋጠላቸው ግን ከፊታቸው ይነበብ ነበር። ውሎ ሲያድር መልሱ ለእኔም አልተዋጠልኝም። ይህ ጽሑፍ ያን ጥያቄ እንደገና በቅጡ ለመመለስ የተደረገ ሙከራ ነው።

ሞራንዲ በ1890 በቦሎኛ ከተማ ተወለደ፤ በ1964 በዚያው ከተማ ሞተ። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ በራሳችን ስቆጥር ዓ.ም. እላለሁ።) ሳያገባ፣ ከሦስት እህቶቹ ጋር ቪያ ፎንዳፃ በምትባል ጎዳና ላይ በሚገኝ ቤት ኖረ፤ ከአገሩ የወጣውም ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ዓለም የሚያውቀው በጠርሙሶቹ የቀለም ሥዕል ነው። የዕለት እንጀራውን ያገኘበት ሙያ ግን ሌላ ነበር፤ ከ1930 እስከ 1956 በቦሎኛ የሥነ ጥበብ አካዳሚ የመዳብ ኅትመት መምህር ሆኖ ሠርቷል። በ1953 በሳኦ ፓውሎ ዓለም አቀፍ ትርኢት የተሸለመውም በዚሁ በኅትመቱ ነው። በሕይወቱ ሙሉ የሠራቸው የብረት ሰሌዳዎች 130 ያህል ናቸው፤ ለግማሽ ምዕት ዓመት ሥራ ይህ እጅግ ትንሽ ቁጥር ነው። ጥበቡን ያስተማረው ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ከአሮጌ የሙያ መጻሕፍትና የሬምብራንትን ኅትመቶች አተኩሮ በመመልከት ራሱን አስተማረ።

ስለ ሙያው ስም አንድ ነገር ልበል፤ ተርጓሚ ነኝና እንዲህ ያለ ነገር ሳልነካው ማለፍ አይሆንልኝም። እንግሊዞች ኤቺንግ የሚሉት፣ ጣልያኖች አኳፎርቴ የሚሉት ጥበብ በአማርኛ የጸና ስም የለውም። አኳፎርቴ ቃል በቃሉ «ብርቱ ውኃ» ማለት ነው፤ ድሮ ለናይትሪክ አሲድ የተሰጠ ስም ነው። ሠዓሊው የመዳብ ወይም የዚንክ ሰሌዳ ያነጥፍና አሲድ የማይበግረው ሰም መሰል ሽፋን ይቀባዋል። ከዚያ በመርፌ ሽፋኑን ብቻ እየጫረ ይሥላል። ሰሌዳው አሲድ ውስጥ ሲነከር ብርቱው ውኃ በተጫረበት ገብቶ ብረቱን ይበላል፤ ያልተጫረውን አይነካም። በመጨረሻ ሽፋኑ ይነሣል፤ ቀለም ይቀባል፤ ከላይ ያለው ቀለም ተጠርጎ በጉድጓዱ ያለው ብቻ ይቀራል፤ እርጥብ ወረቀት ተደርቦበት በከባድ መዳመጫ ውስጥ ሲያልፍ ወረቀቱ ቀለሙን ከየቁስሉ ይጠጣል።

ቁስል ያልሁት ለማሳመር አይደለም። እናቶቻችን በአንገታቸውና በድዳቸው የተነቀሱትን ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ በንቅሳትም ምስሉን የሚይዘው በመርፌ የተወጋው ቦታ ነው። የብራና ጸሐፊም ቀለም ከመንካቱ በፊት በወስፌ ጭሮ መስመሩን ያሰምራል። የመዳቡን ኅትመት ግን ከነዚህ ሁሉ የሚለየው አንድ ነገር አለ። ሰሌዳው ላይ በቀኝ የተሣለው በወረቀቱ ላይ በግራ ይወጣል። ግራና ቀኝ ተለዋውጦ ነገሩ ያው ሆኖ እንዲቀር መጣር የእኛም የተርጓሚዎች ዕጣ ነውና ይህ ሙያ ልቤን የሳበው በከንቱ አይመስለኝም።

ወደ እትዬ ጥያቄ ልመለስ። ሞራንዲ መምህሬ ያለው ሬምብራንት በ1643 «ሦስቱ ዛፎች» የተሰኘ የታወቀ የመዳብ ኅትመት አለው። ዝናብ ያዘለ ሰማይ፣ ሰፊ ሜዳ፣ በጉብታ ላይ የቆሙ ሦስት ዛፎች። ፈጥኖ የሚያይ ሰው በዚያ ሥዕል ሰው የለም ይላል። ቀስ ብሎ ሲመለከት ግን ከውኃው ዳር አንድ ዓሣ አጥማጅ ያገኛል፤ በስተቀኝ ከጉብታው ላይ ተቀምጦ የሚሥል ሌላ ሰው አለ፤ ከሥሩ በጨለማው ቁጥቋጦ ውስጥ ደግሞ ሁለት ፍቅረኞች ተደብቀዋል። ተማሪው ከመምህሩ መስመሩን ወረሰ፤ ሰዎቹን ግን አልወረሰም። በሞራንዲ ቁጥቋጦ ውስጥ የቱንም ያህል ቢፈልጉ የተደበቀ ሰው አይገኝም።

እኛ ደግሞ ከዚህ ሁሉ የራቀ ዓይን አለን። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያደገ ዓይን ሰው የሌለበትን ሥዕል እምብዛም አያውቅም። ዛፍ በግድግዳው ላይ የሚሣለው ለታሪኩ ሲያስፈልግ ነው፤ አዳምና ሔዋን ካሉ ዛፏ ትኖራለች፤ እነርሱ ከሌሉ እሷም የለችም። እውነተኛው ዛፍ፣ ጽዱና ወይራው፣ ከቅጥሩ ውጭ በደኑ ውስጥ ስለ ቆመ ማን ደግሞ ግድግዳ ላይ ይሥለዋል? ኅትመትም በዘመናዊ መልኩ ወደ እኛ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲገባ የመጣው በእንጨት ነው። በ1960ዎቹ በአዲስ አበባ ያስተማረው ጀርመናዊ ትውልድ ያለው ብራዚላዊው ሃንሰን ባሂያ የእንጨት ቅርጽ ሠዓሊ ነበር፤ ከተማሪዎቹ መካከል ዘሪሁን የትምጌታ ያን ሙያ ይዞ የራሱን መንገድ አበጀ። በእንጨት ኅትመት የሚታተመው ሳይፈለፈል የቀረው ነው፤ በመዳቡ ግን የሚታተመው የተበላው ነው። ሁለቱ ወንድማማች ይመስላሉ እንጂ ፍጹም ተቃራኒ ናቸው። የእንጨቱ ድምፅ ጎላ ያለ ነው፤ የመዳቡን ለመስማት ጠጋ ማለት ይጠይቃል።

እንግዲህ ጠጋ እንበል። በ1927 የተሠራው «ትልቁ ፖፕላር ያለበት መልክዓ ምድር» ከመድበሉ ሁሉ ብዙ ያቆየኝ ነው። ፖፕላር እንደ ባሕር ዛፋችን ፈጥኖ ወደ ላይ የሚያድግ ዛፍ ነው። ሌላ ሠዓሊ ቢሆን ቅጠሉን ቅጠል፣ ቅርንጫፉን ቅርንጫፍ አድርጎ በሣለው ነበር። ሞራንዲ አንድም ቅጠል አልሣለም። የሠራው መረብ ነው፤ ቀጥ ያሉ አጫጭር መስመሮች በአንድ አቅጣጫ፣ በላያቸው ሌሎች ተሻጋሪዎች፣ ጥላው በከበደበት ሦስተኛና አራተኛ ድርብ። አብዛኞቹን ሰሌዳዎች አሲድ ውስጥ የሚነክራቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ ስለዚህ መስመሮቹ ሁሉ ከሞላ ጎደል ተመሳሳይ ጥልቀት አላቸው። ሌሎች ሠዓሊዎች ለጨለማው ሰሌዳውን ደጋግመው እየነከሩ መስመሩን ያወፍሩታል። ሞራንዲ ግን ጨለማን የሚያገኘው መስመሮችን በማቀራረብ፣ ብርሃንን የሚያገኘው በማራራቅ ብቻ ነው። አንድ ዓይነት ክር ይዞ ጋቢም ነጠላም እንደሚሠራ ሸማኔ ማለት ነው። ዛፉ ከሜዳው የሚለየው ከሌላ ነገር ስለ ተሠራ አይደለም፤ ክሩ ስለ ጠበቀ ነው።

ይህ ሥራ አያሞካሽም። ዛፉ እንዲያምርበት አልተደረገም፤ ነፋስ አያወዛውዘውም፤ ወፍ አላረፈበትም። እዚህ ኢስትሊ በየፎቁ በረንዳ ከታጠበ ልብስና ከማስታወቂያ ሰሌዳ በቀር ዓይን የሚያርፍበት ነገር በማይገኝበት ሰፈር ለምንኖር ሰዎች፣ አንድ ሰው ለአንድ ዛፍ ይህን ያህል ሰዓት መስጠቱ በራሱ ያስቀናል።

ሁለተኛው በ1933 የተሠራው «ነጩ መንገድ» ነው። ይህን ከሁሉ አስበልጣለሁ። መንገዱ ነጭ የሆነው በነጭ ቀለም ተቀብቶ አይደለም፤ በዚህ ጥበብ ነጭ ቀለም የሚባል ነገር የለም። ሞራንዲ ግራና ቀኙን በመስመር ሸምኖ መንገዱን መርፌ ሳያስነካው ተወው፤ የምናየው ባዶውን ወረቀት ነው። ዓይናችን ግን ወረቀት ነው ብሎ አይቀበልም። በቀትር ፀሐይ ላይ የሚነድ ጥርጊያ መንገድ አድርጎ ያየዋል፤ ሊያጨናብሰን ምንም አይቀረው። በመላው ሥዕል ውስጥ እጅግ የሚደምቀው ቦታ ሠዓሊው ያልነካው ቦታ መሆኑን ሳስብ፣ በትርጉም ሥራ ላይ ያለ ቅጥ የማብራራት ልማዴ ያሳፍረኛል።

የቀሩት ሁሉ እንዲህ አይደሉም። በ1912 የሠራው የመጀመሪያው ሰሌዳ፣ በሳቬና ወንዝ ላይ ያለው ድልድይ፣ ከፈረንሳዊው ሴዛን እጅ ገና አልተላቀቀም። በ1924 ከቤቱ መስኮት ያየውን የቪያ ፎንዳፃ ጓሮ የሣለበት ግን አስቀድሞ የራሱ ነው። በ1920ዎቹ መጨረሻ አንዱን ኮረብታ ጧትና ማታ ያየባቸው ኅትመቶችም አሉ፤ በበኩሌ እነዚህን ከሥዕልነታቸው ይልቅ ለተማሪዎች ማስተማሪያነታቸው እወዳቸዋለሁ።

እስከዚህ ድረስ የሄድሁት መጻሕፍቱ በመሩኝ መንገድ ነው። «ዝምታ» የሚለው ቃል ግን እየቆየ አስቸገረኝ። የማን ዝምታ? ስለ ምን?

ሞራንዲ በ1928 በቦሎኛ ፋሺስቶች ጋዜጣ ላይ ባወጣው አጭር የሕይወት ታሪኩ፣ በፋሺዝም ላይ ከጅምሩ እምነት እንደ ነበረው በገዛ እጁ ጽፏል። በ1930 የአካዳሚውን ወንበር ያገኘው ያለ ውድድር፣ በዝነኛነቱ ተመርጦ፣ በዚያ መንግሥት ሚኒስቴር ፈቃድ ነው። ኮረብቶቹም ቢሆኑ ብቻቸውን አልቆሙም። በእነዚያ ዓመታት ስትራፓኤዜ የሚባል የጸሐፊዎችና የሠዓሊዎች ወገን ነበር፤ እውነተኛዋ ኢጣልያ በገጠር፣ በጎጆና በማሳ ትገኛለች፣ ፋሺዝምም የዚያ ገጠር ልጅ ነው የሚሉ ሰዎች ናቸው። የሚኖ ማካሪ «ኢል ሴልቫጆ» እና የሊዮ ሎንጋኔዚ «ሊታሊያኖ» መጽሔቶች የዚህ ወገን ልሳኖች ነበሩ። የሞራንዲን ኅትመቶች እያወጡ ያወደሱትም እነዚሁ ናቸው። እኔ በኢስትሊ ፎቅ ላይ ሆኜ እንደ ንጹሕ ዝምታ ያየሁት ዛፍ በእነዚያ ገጾች ላይ ሲታተም ይናገር ነበር፤ የሚናገረውም ለማን እንደ ሆነ የታወቀ ነው።

በጥቅምት 1935 የዚያ መንግሥት ጦር መረብን ተሻገረ። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. መጨረሻ ባዶሊዮ አዲስ አበባ ሲገባ ሞራንዲ በአካዳሚው መስመር እንዴት እንደሚቀራረብ ያስተምር ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም.ም እንዲሁ።

ፍትሕ ግን ሁለት ጆሮ አላት። ሞራንዲ የድል ቅስት አልሣለም፤ ሌጌዎን አልሣለም፤ ስለ እኛ አገር መያዝ ደስ ያለው ሥዕል አልሠራም። በ1943 የፀረ ፋሺስት ወዳጆች አሉህ ተብሎ ለአንድ ሳምንት ያህል ታስሯል። ዳሩ ግን ይህ እስራት የ1928ን ጽሑፍ አይፍቀውም። ሁለቱንም በአንድ ሰው ላይ አድርጎ መሸከም ግድ ነው፤ አድናቂዎቹ ብዙ ጊዜ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ያነሣሉ።

በዚያው ዘመን ወደ እኛ የመጣም ሌላ የመዳብ ኅትመት ሠዓሊ ነበር። ሊኖ ቢያንኪ ባሪቪዬራ ይባላል፤ በ1906 በቬኔቶ አውራጃ የተወለደ የመልክዓ ምድር ሠዓሊ ነው። በወረራው ዓመታት ላስታ ወጥቶ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ለካ፤ ንድፎቹ ሞንቲ ዴላ ኮርቴ በ1940 ሮም ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ወጡ፤ እርሱ ራሱም በ1962ና በ1963 በኢጣልያ የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ በስፋት ጻፈባቸው። አንድ ጊዜ በእነዚያ ልኬቶች ላይ የተመሠረተ ጽሑፍ ወደ አማርኛ ስመልስ ለሳምንታት ከንድፎቹ ጋር ተቀምጫለሁ። የመዳብ ሠዓሊ ላሊበላን ቢወድ አይገርምም፤ ሥራው አንድ ነውና። ቤተ ጊዮርጊስ የቆመው ድንጋይ ተደራርቦ ሳይሆን ድንጋይ ተቀንሶ ነው፤ በመዳቡም ላይ ምስሉ የሚወለደው ከተበላው ነው። ንድፎቹ ትክክለኛና ታጋሽ ናቸው፤ ከእርሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ተጠቅመውባቸዋል፤ እኔም እንጀራ በልቼባቸዋለሁ። መለኪያ ገመዱ የተዘረጋው ግን በወታደር ጥበቃ ሥር ባለ አገር ላይ ነበር። ከአገሩ እምብዛም ያልወጣው ሞራንዲና እስከ ላስታ የዘለቀው ባሪቪዬራ፣ ማንኛቸው የበለጠ እጁ ንጹሕ ነው ተብዬ ብጠየቅ መልስ የለኝም። አንደኛው ግን ሌላው ፈጽሞ ያላየውን አይቷል፤ ይኸውም እኛን።

አንድ ነገር ቀረ። ነጩ መንገድና አብዛኞቹ ኮረብቶች የተሣሉት ሞራንዲ በጋውን ያሳልፍበት በነበረው ግሪዛና በሚባል የተራራ መንደር አካባቢ ነው፤ መንደሩ ከ1985 ወዲህ ግሪዛና ሞራንዲ ተብሏል። ጦርነቱ ወደዚያ ሲጠጋ፣ በ1944 መስከረም፣ ሠዓሊው ወደ ቦሎኛ ተመለሰ። በወሩ መጨረሻ የጀርመን ኤስ ኤስ ወታደሮች በአቅራቢያው ባለው በሞንቴ ሶሌ ተራራ ላይ፣ በማርዛቦቶ፣ በግሪዛናና በሞንዙኖ ወረዳዎች፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ 770 ያህል ሰው ፈጁ። አብዛኞቹ ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ከቤተ ክርስቲያን አውጥተው መቃብር ቦታ ላይ የረሸኗቸው አሉ። ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘጋሁት። ከዚያ ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በግንቦት 1929 ዓ.ም.፣ በደብረ ሊባኖስ የተደረገውን የማያውቅ የዚህ መጽሔት አንባቢ ያለ አይመስለኝም። የግራዚያኒ ቴሌግራሞች ራሳቸው ከ400 በላይ መነኮሳትና ዲያቆናት መገደላቸውን ያምናሉ፤ የኢያን ካምቤል ጥናት ደግሞ ቁጥሩን ከ1,400 እስከ 2,000 ያደርሰዋል። ያኛውን ያደረገው ጀርመናዊ ነው፤ ይኸኛውን ያዘዘው ጣልያናዊ ነው። ኮረብቶቹ ግን ቢተያዩ የሚተዋወቁ ይመስለኛል።

ታዲያ ሰዎቹ የት ሄዱ? ሠዓሊው አስወጥቷቸዋል፤ ይህ የዓይኑ ምርጫ ነው፤ በ1927 ማንም አልሞተበትምና እንደ ወንጀል ልቆጥርበት አልችልም። ነገር ግን ባዶ መልክዓ ምድር ንጹሕ ነው የሚለውን የአድናቂዎቹን ቃል ከእንግዲህ ወዲያ አልተረጉምም። ፖፕላሩን ዛሬም እወደዋለሁ። የምወደው ዝም ስላለ አይደለም፤ መስመር በመስመር ላይ እየጫረ የያዘው ነገር አድናቂዎቹ ከሚሉትም፣ እርሱ በ1928 ከጻፈውም ስለሚበልጥ ነው። እጁ ከአፉ የተሻለ ያውቅ ነበር ማለት ይቻላል፤ በሥነ ጥበብ ዘንድ ይህ አዲስ ነገር አይደለም።

ባለፈው ሳምንት መጽሐፉን ይዤ እንደገና እትዬ ዘንድ ሄድሁ። የነገርኋቸው ከላይ የጻፍሁትን ግማሹን ነው፤ ስለ ደብረ ሊባኖስ እንኳ እሳቸው ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ። መነጽራቸውን አድርገው «ነጩ መንገድ» ላይ ቆዩ። «ይህ እንዲህ የነጣው» አሉ በጣታቸው እያሳዩ፣ «ብዙ እግር ስለ ሄደበት ነው። ሣር ያለበት መንገድ ሰው የማይሄድበት ነው።» ከዚያ ቡናው ገንፍሎ ኖሮ ብድግ አሉ። መጽሐፉን ትቼላቸው መጣሁ፤ የልጅ ልጃቸው ሥዕል ይሞክራል አሉኝ፤ ገጾቹን እንዳይገነጥል ብቻ አደራ ብያለሁ።